ወርቁ ይመዘን፣ ዕዳው ይቆይ

እንደኛ በፍቅር የሚተማመን ሕዝብ የለም። የሚጠራጠር ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደጃፍ ይቁምና እጮኛሞቹን ይይ። «ስንት ካራት ነው? ሚዛኑ ዜሮ ላይ ነው? እስቲ እንደገና አስቀምጠው። የዛሬ ዋጋ ነው የትናንት?» ሙሽራው አንገቱን አስግጎ የግራም ክፋይ ሳይቀር ያነባል፤ ደረሰኝ ሳይዝ ንቅንቅ አይልም። ደግ አደረገ፣ ነጋዴ አይታመንም። የምትታመነው ከጎኑ የቆመችው ናት። የባንክ ብድር ይኖርባት እንደሆን መጠየቅ ነውር ነው፤ እሱስ ዕቁብ በልቶ ስንት ዙር እንደሚቀረው ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? ሟርት ይሆናላ!

በተለይ ሁለተኛ ትዳር የሚይዙትን አደንቃለሁ። ሰውየው ሁለት ልጆችና አንድ ኮንዶሚኒየም አለው። ከጋብቻ በፊት ያፈራው ቤት የግሉ እንደሆነ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይነግረዋል። ይህችን አንዲት መስመር ከሰው ሰምቶ ለጥ ብሎ ይተኛል። የቀረውን ምን አስነበበው? ቤቱ የግሉ ቢሆንም ኪራዩ ከጋብቻው ጀምሮ የጋራ ገቢ ነው። ቤቱን ሸጦ ሰፋ ያለ ቢገዛ፣ አዲሱ ቤት የግሉ የሚሆነው ፍርድ ቤት ጠይቆ ካስወሰነ ነው። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ይባላል። እነዚህን አንቀጾች ልጆቹ አንድ ቀን ከውርስ መዝገብ ላይ ያነቧቸዋል፤ ማንበብ ደግሞ ለልጅ ጥሩ ነው።

«የጋብቻ ውል የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። እንግዲያው አያቶቻችን ፈረንጆች ነበሩ። በሰማንያ ሲጋቡ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ የሁለቱም ወገን ከብት ሽማግሌ ፊት ይቆጠር ነበር። እኛ ሠልጥነናል፤ የምንቆጥረው የአጀቡን መኪና ነው። የሚገርመው ደግሞ አራዳ ለወረቀት እንግዳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በከፊል ስትፈርስ ባለካርታው ማን ነው፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ማን ነው እየተባለ ስንት ፋይል ተገላበጠ! ያ ሁሉ ሰው ጋብቻ ላይ ሲደርስ ወረቀት ይጸየፋል።

«ሠርጉ ይለፍና ተረጋግተን እንነጋገራለን» የሚሉት ደግሞ የብልሆች ብልህ ናቸው። ሕጉ የጋብቻ ውል ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይደረግ ይላል። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚዋዋሉት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሶፋ ላይ ቡና እየጠጡ ሊጨርሱት ያቀዱት ወግ ዳኛ ፊት ሊያቆማቸው ነው፤ ያኔም ፍቅር ስላለ ግድ የለም።

ለነገሩ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ ሁለት ከእሱ፣ ሁለት ከእሷ ወገን። አራት ሰው ከየት ይመጣል? ሚዜዎቹ ስምንት ቢሆኑም ጊዜ የላቸውም። ጠዋት ጊዮርጊስ ደጅ ፎቶ አለ፣ ከዚያ መናፈሻ፣ ከዚያ አዳራሽ፣ በማግሥቱ መልስ። ደግሞስ አንድ ጊዜ ፈርመዋል፤ ሱፉን የተከራዩበት ውል ላይ። ቀበቶ ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል፣ እጅጌው ላይ ወጥ ቢፈስ ስንት እንደሚቆረጥ ሁሉ በጽሑፍ ሰፍሯል።