ድኩላው እንዲሰማ ጨምርበት

የእኛ ሰው ጫካ ሊጎበኝ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጫካው አይደለም፤ "ስፒከሩን ማን ይይዛል?" ነው። ስፒከር ካልተገኘ ጉዞው ይተላለፋል። ዝናብ አስተላልፎት አያውቅም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ የጉዞ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ሚኒባስ ይያዛል፤ መድረሻው የጎፍ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ከተራራው ላይ የሚታየው ይህ ደን ሰፊ አይደለም፤ ግን በደርግ ዘመን ቅድሚያ ጥበቃ ይደረግላቸው ተብለው ከተለዩት 58 የአገሪቱ ደኖች አንዱ ነው። ጽድና ወይራ አለው፤ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ከቦታል።

በመንገድ ላይ የሚታየውን ማንም አያይም። ውጫሌ ላይ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን በ1881 ዓ.ም ከጣልያን ጋር ለተፈረመው ውል አይደለም፣ ለጫት ነው። የሐይቅ ውሃ ሲታይ ደግሞ ግማሹ እንቅልፍ ላይ ነው፣ የቀረው ስለ መዋጮው ይከራከራል።

ደኑ ውስጥ እንደገቡ ሥራ ይጀመራል። ጥላ ይመረጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ቄጤማው ከኮምቦልቻ ገበያ ተገዝቶ የመጣ ነው፤ በሣር ላይ ሣር። ከዚያ እሳት። ወሎ ነውና እሳቱ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ። ሌላው አገር በአንድ ጭስ የሚያባርረውን አውሬ እኛ በሁለት ጭስ፣ ተከባብረን እናባርረዋለን። ጽድ ዘይት ያለው እንጨት ነው፤ በበጋ አንዲት ፍም ትበቃዋለች። ይህን የሚያነሣ ሰው ከተገኘ "አብሽር!" ይባላል። አብሽር ለተባለ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ መጨነቅ ነውር ነው።

ሁለት እሳት የማገዶው ጣጣ አለው። ሐምሌ ላይ ለአረንጓዴ አሻራ አንዲት ችግኝ ለሦስት ይዞ ፎቶ የተነሣው ወጣት ጥር ላይ የወይራ ቅርንጫፍ ይገነጥላል፤ ከፊሉን ለእሳቱ፣ ከፊሉን ለመፋቂያ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታውጇል። የመናገሻ ሱባን ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በ15ኛው መቶ ዘመን አስተከሉት ይባላል። እሳቸው ፎቶ አልተነሡም፤ ዛፎቹ ግን ቆመዋል።

ተበልቶ፣ ተጨፍሮ፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ነው አንዱ ድንገት "ለመሆኑ አውሬዎቹ የት አሉ?" የሚለው። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሆኗል፤ ጤነኛ እንስሳ ሁሉ ጥላ ይዞ የተጋደመበት። ለምሳሌ የምኒልክ ድኩላ የሚባለውን እንይ። በሱባም፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም ይኖራል። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ብቸኝነት የሚወድ፣ ጆሮው ንቁ፤ ከቁጥቋጦ ብቅ የሚለውም ማለዳና ማምሻ ነው። እሱን ማየት የፈለገ ሰው ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። በእኛ ቡድን ውስጥ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። "ምን ሆነሃል?" ይባላል፣ ጉርሻ ይሰጠዋል፣ እምቢ ካለ ተጎትቶ ይጨፍራል። ለድኩላ ብሎ ዝም ማለቱን ማን ያምነዋል?

ጦጣ ግን አይጠፋም። ጦጣ ሲመጣ አሥር ስልክ ይደገናል፣ ሙዝ ይወረወራል፣ "ስታምር!" ይባላል። ይቺኑ ጦጣ ወርዋሪው በአገሩ በሐብሩ ፓፓያ ላይ ቢያገኛት ኖሮ የሚወረውረው ሙዝ እንዳልነበር ራሱም ያውቃል።

ማምሻውን አጥንቱም ፕላስቲኩም እዚያው ይቀራል። ሌሊት ጅብ መጥቶ የድርሻውን ያነሣል፤ ፕላስቲኩን እሱም አይፈልገውም። ድኩላው በዚያ ሰዓት ሊወጣ ይችላል፤ ጎብኚዎቹ ሐይቅን አልፈዋል።

ከቀናት በኋላ ኮሚቴው ግምገማ ይቀመጣል። "አውሬ የሚባል የለም፣ አልቋል" የሚለው በሙሉ ድምፅ ያልፋል። አንዱ፣ መንግሥት ሁለት ድኩላ በአጥር ቢያስቀምጥ ለጎብኚ ይመቻል ይላል። ሌላው ስፒከሩ አነስተኛ እንደነበር ያሳስባል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ጉዞ አዋሽ ፓርክ እንዲሆን ተወስኖ የስም ዝርዝር ይዞራል።

ዝርዝሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ማማ ላይ ናቸው፣ ወንጭፍ በእጃቸው።

"አባባ፣ እንመዝግብዎ? ዝንጀሮ፣ ሳላ፣ ብዙ አውሬ ነው የምናየው።"

"ደስ ይለኛል ልጄ። ግን ያን ቀን ማሽላውን ከዝንጀሮ ማን ይጠብቅልኛል?"

"አብሽሩ አባባ" ይላል ጸሐፊው፤ ከስማቸው ትይዩ "ፍላጎት የላቸውም" ብሎ እየጻፈ።