የት ነው የምትነዳው?

ጀርመን አገር ባንክ ቤት አንቱ ይሉሃል፤ ብስክሌት ቤት ስትገባ ግን ከበሩ ጀምሮ አንተ ነህ። ሻጩ የእኔን ልጅ የሚያክል ጎረምሳ ነው። በቅባት የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ይመጣና «የት ነው የምትነዳው?» ይለኛል። እኔ የመጣሁት ጎማ ልገዛ ነው። የምነዳበትን ብነግረው ጎማውን አውጥቶ የሚሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። አራት ዓመት ሆነን፣ ገና አልተግባባንም።

«ታውኑስ» እለዋለሁ። ከፍራንክፈርት በስተሰሜን ያለው ተራራ ነው፤ እሱም እዚያው ይነዳል። «እሱማ ገባኝ፤ ግን ምን ዓይነት መሬት? ደረቅ ነው እርጥብ? ድንጋይ ነው አፈር? ሥር ይበዛበታል?» ሁሉም ነው፣ የኔ ወንድም። ሁሉም ነው፤ ያውም በአንድ ቅዳሜ፣ ያውም ከምሳ በፊት።

ያለፈው ኅዳር አንዱን ቅዳሜ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ኡ-3 የሚባለው የከተማ ባቡር መጨረሻው ሆኸማርክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደን ነው። ከነባትሪውና ከነሞተሩ 24 ኪሎ የሚመዝነውን ብስክሌቴን ከባቡር አውርጄ ተነሳሁ። መጀመሪያ አስፋልት። አስፋልት ላይ የጎማው ትልልቅ ጥርሶች እንደተነካ የንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ፤ ያ ጉርምርምታ ደግሞ ከባትሪዬ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ ነው። ቀጥሎ ኮረት የለበሰ የደን መንገድ፤ እዚያ የትኛውም ጎማ ይሄዳል፣ ለእሱ ማንም ምክር አይሰጥህም። ከዚያ ጥዱ ውስጥ ተገባ። የዚህ አገር ጥድ ሥሩን ወደ ታች መስደድ አይወድም፤ ከላይ ከላይ ዘርግቶ፣ የሽማግሌ እጅ ላይ እንደሚታይ የደም ሥር ተገትሮ ነው የሚኖረው። ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው። እሱም የተረፈው ጥድ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ከጀመረው ድርቅ ወዲህ ቅርፊት ሰርሳሪ ጥንዚዛ ገብቶበት ብዙው ደርቋል፤ የደረቀውን ቆርጦ ለማውጣት የገባው ማሽን ደግሞ መንገዱን አርሶት ሄዷል። ያ የታረሰው ቦታ ውሃ ሲጠግብ መረሬ ነው። የደብረ ዘይትን ጥቁር መሬት በሐምሌ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ይዞ አይለቅም። ከጭቃው ስትወጣ የረገፈ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቀበልሃል፤ ከታቹ ሥር ይኑር ድንጋይ የምታውቀው ከወደቅህ በኋላ ነው። ወደ ላይ፣ 880 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ፌልድበርግ ስትጠጋ፣ ኳርዛይት የሚሉት ስለታም ድንጋይ ይጀምራል።

እንግዲህ ጎማ ሠሪዎች ለእነዚህ ለሁሉም መድኃኒት አላቸው፤ ችግሩ ለእያንዳንዱ የተለየ መሆኑ ነው። ለጭቃ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ይሁን ይላሉ፣ ጭቃው መሐሉ ታጭቆ እንዳይቀር። ለደረቅና ለጠጣር መሬት ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ ይሁን። ጥርሱ ረጅም የሆነውን ጎማ ጠጣር መሬት ላይ ከነዳኸው ጥርሱ ይወላገዳል፣ መታጠፊያ ላይ ልብህ ስንጥቅ ይላል። ለእርጥብ ሥርና ለእርጥብ ድንጋይ ደግሞ የጥርሱ ቅርጽ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚይዘው ጎማው ለስላሳ ሲሆን ነው። ለስላሳው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሲንከባለልም ይጎትታል። ለስለታም ድንጋይ ሸራው ይወፍር ይሉሃል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ያለችኝ አንዲት ብስክሌት ናት፤ መሬቱ በተለወጠ ቁጥር ከኮርቻ ወርጄ ጎማ ልፈታ ነው?

ይኼ ሁሉ ምክር ሲጀመር በእግሩ ለሚነዳ ሰው የተጻፈ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። የእግረኞቹ ብስክሌት 14 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ የእኔ በ10 ኪሎ ይበልጣል። ሞተሩ እስከ 85 ኒውተን ሜትር ጉልበት የሚያወጣ ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው። ዳገት ላይ እርጥብ ሥር ሲያገኝ ከእኔ ሳያማክር ባለበት ይሽከረከራል፣ የመሐል ጥርሶቹን ድንጋይ ላይ እየሞረደ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያንን ሁሉ ክብደት በፍሬን ይዤ ስወርድ እንደገና ይሞረዳሉ። የኋላ ጎማዬ አንድ ክረምት አይሻገርም። (ክረምት ስል የዚህን አገር በረዶ ማለቴ ነው፤ ይኼም ራሱ ከእናቴ ጋር በስልክ ስናወራ አንድ ሰዓት ይፈጃል።)

«ቀላል ጎማ ግዛ» ብሎ የመከረኝ ወዳጅ ነበረ፤ እግዜር ይስጠው። ቀላሉ ወደ 900 ግራም ነው፣ ወፍራሙ 1.3 ኪሎ ይደርሳል። 400 ግራም ለመቆጠብ ብዬ ቀላሉን ገዛሁ። ሞተር ላለው ብስክሌት 400 ግራም ምኑ ነው? አሁን ሳስበው ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። መጀመሪያ ባገኘው ስለታም ድንጋይ ጎኑ እንደ ፖስታ ተከፈተ። ውስጡ ወተት ነበረው። ዛሬ ከመነዳሪ ኋላ ቀር ነው ተብሎ ጎማው ውስጥ በቀጥታ ነጭ ፈሳሽ ይደረጋል፤ ጀርመኖቹም ወተት ነው የሚሉት። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ይረጋና ይደፍነዋል። ለእሾህ እውነትም ይሠራል። የጣት ርዝመት ላለው ቅድ ግን ወተቱ ፊቴ ላይ ከመርጨት ሌላ ያደረገልኝ ነገር የለም። 24 ኪሎ እየገፋሁ ሁለት ሰዓት ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። በእግራቸው የሚነዱት በአጠገቤ እያለፉ «ባትሪ አለቀብህ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዳቸው ማስረዳት ስለሰለቸኝ በመጨረሻ «አዎ፣ አለቀ» ማለት ጀመርኩ።

ልጅ ሆነን አዲስ አበባ ብስክሌት በሰዓት እንከራይ ነበር። ጎማው አንድ ነው፤ ፊትም ኋላም፣ በጋም ክረምትም። ሲተነፍስ ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ የውሃ ሳህን ውስጥ ይነክራል፤ አረፋ የወጣበትን በጣቱ ይይዛል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጥፋል። ነፋሱ መሙላቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነው የሚያውቀው። ማንም የት እንደምነዳ ጠይቆኝ አያውቅም። ጣልያን ጎማን፣ ጎሚስታን፣ ቸርኬንና ከመነዳሪን ትቶልን ሲሄድ ምርጫ የሚባለውን ይዞት ነው የሄደው፤ እኔ ደግሞ ተከትዬው አውሮፓ መጣሁ።

አውራ ጣት እዚህ አይሠራም። ፊት 1.5 ባር፣ ኋላ 1.7 ይሉሃል። በ0.1 ልዩነት የሚጣላ ሰው አይቻለሁ። ያበዛህ እንደሆን ጎማው እንደ ኳስ እየነጠረ ሥሩ ላይ ያንሸራትትሃል፤ ያሳነስህ እንደሆን ድንጋይ ስትመታ ቸርኬው መሬት ይነካል። ያኔ ከመነዳሪ የምትጠቀም ከሆነ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ይበሳልሃል፣ እባብ የነደፈው ይመስል። ቤት ያሉኝ ሁለት መንፊያዎች ደግሞ አንድ ቁጥር አያነቡም። አንዱ 1.7 ያለውን ሌላው 1.5 ይለዋል። የቱን እንደማምን ከራሴ ጋር ስከራከር ከርሜ አንዱን መርጬ ለመድኩ። ገና ከመልመዴ፣ በ2024 አንድ ትልቅ ፋብሪካ ራዲያል የተራራ ብስክሌት ጎማ አወጣ። መኪና ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር! የሸራው ክር አቅጣጫ ስለተለወጠ ጎማው ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከድሮው ከፍ ማለት አለበት። የለመድኩት ቁጥር ውሃ በላው።

ስለ ጽሑፉስ? የጎማውን ጎን ማንበብ ብራና ከመመርመር አይተናነስም። አንዱ ፋብሪካ ልስላሴውን በቀለም መስመር ይነግርሃል፤ ቀይ ለፍጥነት፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ብርቱካናማ ለለስላሳ፣ ሐምራዊ ለለስላሳዎች ሁሉ ለስላሳ። ያንን በቃልህ ይዘህ ሌላ ፋብሪካ ጋ ስትሄድ ቀለም የለም፤ ፊደልና ቁጥር ነው ያለው። ኢ-50 የሚል ማኅተም አይቼ «ይኼ ለኤሌክትሪክ ነው፣ ለእኔ ነው» ብዬ ጨምሬ ከፍዬ የገዛሁት ጎማ አለ። ለካ እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚሄዱት ፈጣኖቹ ብስክሌቶች ይበቃል ማለት ነው። የእኔን ሞተር ሕጉ 25 ላይ ነው የሚያስቆመው። ስሞቹን ተዉአቸው። አንዱ አሴጋይ ነው፣ የዙሉዎች ጦር። ሌላው ማጂክ ሜሪ። እናቴ በየስልኩ መጨረሻ «ማርያም ትጠብቅህ ልጄ» ትለኛለች፤ የፊት ጎማዬን ስም ግን እስከ ዛሬ ልነግራት አልደፈርኩም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ልኩ ነው። ድሮ ቆጣቢ ሰው የኋላ ጎማው ሲያልቅ የፊቱን ወደ ኋላ አዛውሮ ለፊት አንድ አዲስ ይገዛ ነበር። ብልህነት ነው፤ ፊት ከተንሸራተተ መውደቅ ነውና አዲሱ ለፊት፣ ያገለገለው ለኋላ። ሠሪዎቹ ይኼንንም አዩብን መሰለኝ፣ ብስክሌቴ ስትመጣ ጎማዋ ከፊት 29 ኢንች፣ ከኋላ 27.5 ሆኖ መጣች። መታጠፊያ ላይ ቀልጠፍ ያደርጋታል አሉ። ያደርጋታል፣ አልዋሽም። የፊቱ ግን ወደ ኋላ አይዛወርም። የፊቱ ቸርኬ 622 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 584። ጉድ የሚያሰኘው 28 የሚሉት የተራው የከተማ ብስክሌት ቸርኬም ያው 622 መሆኑ ነው። 28 እና 29 አንድ ናቸው፤ 29 እና 27.5 ግን በአንድ ብስክሌት ላይ አይተዋወቁም። ይኼን ለአንድ የአገሬ ልጅ ሳስረዳው ቡናውን አስቀምጦ «በዚህ ብር የመኪና ጎማ አይገዛም?» አለኝ። የአንዱ ዋጋ 70 ዩሮ መሆኑን ስነግረው ነው።

ስለ መኪና ካነሳን፣ መኪና ያለው ሰው እዚህ አገር ተገላግሏል። ሁለት ዓይነት ጎማ አለው፣ የሙቀትና የብርድ። መቼ እንደሚቀይር እንኳ ማሰብ የለበትም፤ ከኦ እስከ ኦ ይላሉ ጀርመኖቹ፣ ከኦክቶበር እስከ ኦስተርን፣ እስከ ፋሲካ ማለት ነው። አለቀ። ማንም «የት ነው የምትነዳው?» አይለውም።

እኔም እንደ መኪና ሰው ልሁን ብዬ ነበር። ምድር ቤት ባለችኝ ጠባብ ዕቃ ቤት ሚስማር መትቼ የደረቅ፣ የጭቃና የመሐለኛ ጎማ ሰቀልኩ። ባለፈው ዓርብ ማታ ትንበያው ደረቅ ነው ሲል የጭቃውን አውርጄ የደረቁን ለማስገባት ተነሳሁ። የድሮው ወተት ደርቆ እንደ ተልባ ቅርፊት ውስጡ ላይ ተጣብቋል፤ በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። አዲሱ ጎማ ቸርኬው ላይ አልቀመጥ አለኝ። በመጨረሻ በነፋስ ማጠራቀሚያ በአንዴ ስለቅበት ጧ ብሎ ተቀመጠ፤ ሕንፃው ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። ወተቱን ጨምሬ፣ አዙሬ፣ ወለሉን ጠራርጌ ቀና ስል ጎኑ ላይ ያለውን ቀስት አየሁት። ወደ ኋላ ነው የሚያሳየው። ጎማውን ገልብጬ ነው ያስገባሁት።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ጧ ያለው ድምፅ ያስደነገጣቸው ከታች ፎቅ ያሉት አዛውንት ጎረቤቴ በሩ ላይ ብቅ ያሉት። በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። የተሰቀሉትን ጎማዎች አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሱቅ ከፍቼ እንደሆን ጠየቁኝ። አልከፈትኩም አልኳቸው። ዝም አሉና ጥርሱ ወደገጠጠው፣ ወደ ጭቃው የፊት ጎማ ጠቆሙ።

«ይኼስ ለእኔ አይሆንም? የእኔ ብስክሌት 28 ነው።»

ቸርኬው ላይ ይገባል፣ ግን ከወፍራምነቱ የተነሳ ሹካው ውስጥ አያልፍም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

«የት ነው የሚነዱት?»

«ዳቦ ቤት ድረስ» አሉኝ።