ታይሚንግ ቺንጋን ሳይከፍቱ የማከም ጥበብ

ከመኪናዎ ዕቃ ሁሉ እንደ ታይሚንግ ቺንጋ ያለ ጨዋ የለም። አይታይም፣ አይጮህም፣ ዘይት ጨምሩልኝ አይልም። ሽፋኑ ውስጥ ተሸሽጎ ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቱን ሲያስተባብር ይውላል፤ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ፣ ያለ አንዳች ማጓደል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ መንገድ ለቆ መጠበቅ አለበት። ይህን ሁሉ ቀጠሮ የሚያስከብረው የጎማ ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ይረሳዋል። የእኛም ምክር ከዚህ አይርቅም።

በመጀመሪያ መኪናዎ ቺንጋ ይኑረው ወይስ ቼይን ለማወቅ አይሞክሩ። ቪትዝ ይነዳሉ እንበል። የቪትዝ ሞተር በቼይን ነው የሚሠራው። እርስዎ ግን ጋራዥ ገብተው «የዚችን ታይሚንግ ቺንጋ ቀይርልኝ» ይበሉ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ቼይን ናት» የሚል መካኒክ ከገጠመዎት ሥራ የጠላ ሰው ነውና ትተውት ይሂዱ። ቀጥሎ ካለው ጋራዥ «ነገ ማታ ይምጡ» የሚል አይጠፋም። ማታ ሲደርሱ የወለቀውን አሮጌ ቺንጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጥዎታል። ከማን መኪና እንደወለቀ አይጠይቁት፤ ነውር ነው።

እውነተኛ ቺንጋ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ በጆሮዎ ይመኑ። ጠዋት ሲያስነሱት «ጪ...ጥ» እያለ ሰፈር የሚቀሰቅሰው የውጭው፣ የዲናሞው ቺንጋ ነው። ታይሚንጉ ጥርስ ስላለው አይንሸራተትም፤ ስለዚህም እንዲያ አያለቅስም። ሲላላ ድምፁ ሌላ ነው፤ ሽፋኑን ከውስጥ በኩል ጠፍ ጠፍ ያደርጋል፣ በተለይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳና ቤንዚን ሰጥተው ድንገት ሲለቁ። ይህን ልዩነት ማወቅ አያስፈልግዎትም። ጩኸት ጩኸት ነው። ደረቅ ሳሙና ያሻሹበት፤ ሳሙና ቤት ከሌለ ግራሶም ይሠራል። የሚያሻሹት በተሳሳተው ቺንጋ ላይ ስለሆነ ቢያንስ ታይሚንጉ ከግራሶው ይተርፋል።

ታይሚንጉን በዘይት መንከር ከፈለጉማ እርስዎ መልፋት የለብዎትም፤ ያረጀ የካም ወይም የክራንክ ኦይል ሲል ዝም ብሎ መተው ይበቃል። ዘይቱ በጠብታ እየወረደ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል። ሂደቱን ማፋጠን ለሚሻ ሞተሩን በናፍጣ ማሳጠብ አለ። የታጠበ ሞተር ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል፤ ሽፋኑ ሥር የገባው ናፍጣ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ለዓይን አይታይም።

ቺንጋው ልል ሆኖ አንድ ጥርስ ሲዘል እውነተኛው ጨዋታ ይጀምራል። የክራንኩ ጥርስ 20 ቢሆን አንዷ ጥርስ የ18 ዲግሪ ስሕተት ናት። ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ጠዋት ለመነሳት ይለግማል፣ የእንጦጦን ዳገት ሲያይ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ አልፎ አልፎም የሳበውን በመጣበት በኩል መልሶ ይተፋል። አሁን ተራ በተራ ይቀይሩ። መጀመሪያ ካንዴላ። ቀጥሎ የቤንዚን ፊልትሮ። ከዚያ ማደያውን ይውቀሱ፤ «ቤንዚኑ ውሃ አለው» የሚለው ፍርድ ይግባኝ የለውም። ካርቡሬተሩን ያስፈቱ፣ ያሳጥቡ፣ መልሰው ያስገጥሙ። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከተንቀጠቀጠ ወደ ላቀው ጥበብ ይሸጋገሩ፤ ዲስትሪቡተሩን ማዞር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከስሕተቶች ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነውና። ዲስትሪቡተሩ የሚዞረው በካሙ ነው። ካሙ ከዘገየ ብልጭታውም አብሮ ይዘገያል። ዲስትሪቡተሩን በእጅ ትንሽ ሲያዞሩት ብልጭታው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሚኒሞው ይረጋል፣ ባለቤቱ ፈገግ ይላል፣ መካኒኩም ሂሳቡን ይቀበላል። ቫልቮቹ ግን አሁንም በተሳሳተ ሰዓት እየተከፈቱ ነው፤ የላላው ቺንጋም ሁለተኛውን ጥርስ ለመዝለል እየተዘጋጀ ነው። በሽታው እንዳለ ምልክቱ ብቻ ጠፋ። ናፍጣ ሞተር ያላቸውም አይቅርባቸው፤ በብዙዎቹ ላይ የናፍጣ ፖምፓውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ ፖምፓውን ፈትቶ ማጠማዘዝ ይቻላል።

ስለ ናፍጣ ከተነሳ፣ የድሮ ሃይሉክስ፣ ሃይስ ወይም ያ የማይሞተው ላንድክሩዘር ካለዎት ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት ልትኖር ትችላለች። ብዙ ሰው ቺንጋውን ገብታ አይታ የምትናገር ይመስለዋል። ሥራዋ ግን ኪሎ ሜትር መቁጠር ብቻ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ 100,000 ሲሞላ ትበራለች። ቺንጋው ትናንት ተቀይሮ ይሁን ወይም ሊበጠስ አንድ ክር ቀርቶት፣ ጉዳይዋ አይደለም። ቺንጋው ሲቀየር በእጅ ወደ ዜሮ የምትመለስበት መላ ተዘጋጅቶላታል። የእርስዎ ድርሻ ቺንጋውን ሳይነኩ መላውን ብቻ መጠቀም ነው። መብራቷ ጠፋች፣ ነገሩ አለቀ። መኪናው ከዱባይ ሲገባ ኪሎው «ተስተካክሎ» የመጣ ከሆነማ ይህም ድካም አይኖርብዎትም። ቆጣሪው 62,000 ይላል? «ገና 38,000 ይቀረኛል» ብለው ያስሉ። ጎማ ቆሞም ቢሆን በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል የሚል ሰው ካጋጠመዎት ወሬውን በፍጥነት ይቀይሩ።

ማጥበቅ የግድ ሆኖ ከመጣስ? ጥንቁቆቹ የሚያደርጉትን ልንገርዎትና እርስዎ ይራቁት። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። ክራንኩን በቡሶላ በእጃቸው፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ያዞራሉ፤ ምልክትን ከምልክት ያገጣጥማሉ። ሞላ ባለው መወጠሪያ ላይ ቡሎኑን አላልተው ሞላው ራሱ ቺንጋውን እንዲስብ ይተዉታል። ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቱ መመለሱን ዳግም አይተው ያጠብቃሉ። ከዚያም ረጅሙን ክፍል በጣት ይጫኑታል፤ በኮሮላው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላይ በ2 ኪሎ ግፊት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት።

ስድስት ሚሊ ሜትር ለመለካት የሚበቃ ዕድሜ ያለው ማን ነው? እርስዎ ትልቁን ካቻቢቴ መወጠሪያው ሥር ያስገቡና ቺንጋው እንደ ክራር ክር እስኪዘምር ድረስ ይጎትቱ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ «ዊ...» የሚል ዜማ ያሰማል፤ ያ ዜማ የመወጠሪያውን ኩሽኔታ፣ አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ የውሃ ፖምፓውን ጭምር የሚበላ ነው። ኩሽኔታውንና ሞላውን ከቺንጋው ጋር አብሮ መቀየር የሚባለውን አይስሙ፤ አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማስሮጥ ቁጠባ ነው። ሶማሌ ተራ ወርደው «ያገለገለ ግን ጠንካራ» ቺንጋ ካገኙም አይለፍዎት። ኪስዎ እንዲገባ እጥፍጥፍ አድርገው ይያዙት፤ ውስጡ ያሉት የመስታወት ክሮች ሲታጠፉ እንደሚሰበሩ ከውጭ አያስታውቅም።

ምልክት ማገጣጠሙን በተመለከተ ግምት ይበቃል። ገጥመው ከጨረሱ በኋላ በእጅ ሳያዞሩ በቀጥታ ቁልፉን ይጠምዝዙ። ቫልቭና ፒስተን የማይነካኩበት ሞተር ከሆነ ለምሳሌ ያው 4ኤ-ኤፍኢ፣ አይነሳም እንጂ ሌላ ጉዳት የለም፤ እንዲህ ያለውን ሞተር የሠሩ ሰዎች እርስዎን አስቀድመው ሳያውቁዎት አልቀሩም። ናፍጣ ሞተር ግን ይህ ትዕግሥት የለውም። ሽፋኑን ሲመልሱ ሁለት ሦስት ቡሎን ቢተርፍ አይደንግጡ፤ ሽፋኑን ጭራሽ ቢተዉት ደግሞ ቺንጋው ከአቧራና ከጠጠር ጋር ይተዋወቃል።

(ለጨዋታ ያህል፣ ጎማ ቺንጋን ለታይሚንግ ሥራ ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ መጀመሪያ የገጠመው የጀርመኑ ግላስ ኩባንያ ነበር፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1962። ከቼይን ይልቅ ርካሽና ጸጥተኛ ነበር። ጸጥታው እንዲህ ዋጋ እንደሚያስከፍለን ማን ገመተ?)

ምክራችንን በሙሉ ከተከተሉ ቺንጋው ከጎሃ ጽዮን ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ ይበጠሳል። ሞተሩ ቀጥ ይላል። ቁልፉን ሲጠመዝዙ ከወትሮው እጅግ ፈጥኖና ቀልሎ ይዞራል፤ መጭመቅ የሚባል ነገር ስለሌለው ነው። እርስዎ ግን «ባትሪው ጀግና ነው» ብለው ደጋግመው ይሞክሩ። ከዚያ መንገደኛውን ሰብስበው ያስገፉትና በሁለተኛ ማርሽ ይልቀቁት፤ ሳይታጠፍ የተረፈ ቫልቭ ካለ አሁን ይታጠፋል። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሲሄድ፣ የቫልቩ፣ የጓርኒሲዮኑና የእጅ ዋጋው ሂሳብ ሲመጣ ቺንጋው ስንት ነበር ብለው አይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ መኪናውን መሸጥ ነው። ጠንቃቃ መካኒኮች ቺንጋ ሲቀይሩ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፈው ሽፋኑ ላይ የሚለጥፏት ትንሽ ወረቀት አለች። እርስዎ በመኪናው ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይለጥፉ ኖረዋል። አሁን አንድ ይግዙና ያለፈውን ሳምንት ቀን ይጻፉባት፤ እጅዎን ትንሽ ግራሶ ነክተው ጠርዟን አሸት አሸት ያድርጓት። ገዢው ኮፈን ከፍቶ ወረቀቷን ሲያይ «ታይሚንጉ አዲስ ነው ማለት ነው?» ይልዎታል። «ምን ጥያቄ አለው፣ ወንድሜ» ይበሉት፤ ሽፋኑን ልክፈተው ካለ ዋጋውን ትንሽ ይቀንሱለት።