በባጃጅ ሄዶ መራመድ

ሀዋሳ ለእግረኛ የተመቸች ከተማ ናት። የታቦርንና የአላሙራን ተራሮች ከተውን ዳገት የሚባል ነገር አያውቃትም፤ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደውን ጎዳና እናት ልጇን አዝላ እያወጋች ትጨርሰዋለች። ማለዳ ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ጎዳናውን የሚጨርሰው ባጃጅ ነው። ከኋላው ወንበር ላይ ቱታ የለበሰ፣ ነጭ ስኒከር ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ ጎልማሳ ተቀምጧል። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ይወርዳል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ወገቡን ግራና ቀኝ ያዞራል፣ ከዚያ «ወክ» ይጀምራል። ሲጨርስ እንደገና ባጃጅ ይጠራል። ለምን በእግሩ እንዳልመጣ ብትጠይቁት መልሱ አፉ ላይ ነው፦ «ጉልበቴን ያመኛል።»

ሐይቁ ዳር ከተራማጁ አሠልጣኙ ይበዛል። አንዱ «መጀመሪያ ተረከዝ ነው የሚያርፈው» ይላል። ሌላው «ተረከዝማ ጉልበት ይሰብራል፣ በጣትህ ሂድ» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው ወደ ኋላ መራመድ ጉልበት ያድሳል የሚል ቪዲዮ በስልኩ አይቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲገሰግስ የቡና ሻጯ ረከቦት ላይ ሊወጣ ይደርሳል። «ኧረ ጋሼ፣ ጀበናዬን!» ስትለው ነው የሚነቃው። ስልኩን እያየ «ዛሬ 10 ሺህ እርምጃ ሳልሞላ አልገባም» የሚለውማ ሞልቷል። ይህ ቁጥር ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ ካወጡት የእርምጃ መቁጠሪያ ጋር የተስፋፋ መሆኑን ቢሰማ እንኳ የሚተወው አይመስለኝም፤ ቀርቶበት የማያውቅ ቁርባን አድርጎታል።

አካሄድን ማስተካከል ጉልበት ይጠቅማል የሚለው ነገር ግን ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት ሩማቶሎጂ የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት አለ። የጉልበታቸው የውስጠኛው ጎን ያረጀባቸው 68 ሰዎች ተመርጠው አረማመዳቸው በካሜራና በመሣሪያ ተለካ። ከዚያ ግማሾቹ ሲራመዱ የእግራቸውን ጫፍ 5 ወይም 10 ዲግሪ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንዲያዞሩ ተለማመዱ። ከዓመት በኋላ ሕመማቸው ቀለል ብሎ፣ የጉልበታቸው ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) መጎዳትም ዘግይቶ ተገኘ። ቁም ነገሩ ያለው «ወይም» የምትለው ላይ ነው። ለአንዱ ወደ ውስጥ ማዞር ጫናውን ሲቀንስለት፣ ያው ነገር ሌላው ላይ ጫናውን ሊጨምርበት ይችላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ ነው የተሰጠው። የእኛ የሐይቅ ዳር ሐኪም ግን ካሜራም ልኬትም አያስፈልገውም። ከባጃጅ ስትወርዱ አይቷችኋል፤ ይበቃዋል። «እግርህን ወደ ውስጥ ሰብሰብ!» ብሎ ያልፋል፤ ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን እትዬንም እንዲሁ።

ከዚሁ ሐይቅ ዳር እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ሪዞርት ባለቤት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ልጅ ሳለ ማንም ሳያውቀው በዚህ ቢያልፍ ኖሮ ምን ይሉት እንደነበር አስባለሁ። ኃይሌ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር፣ አድጎም ሲሮጥ ያ እጁ እንደታጠፈ ቀረ። አሠልጣኞቻችን ቢያገኙት «አንተ ልጅ፣ እጅህን ዘርጋ!» ብለው ያቆሙት ነበር። እሱ በዚያው እጁ አትላንታና ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ።

የወኩ ፍጻሜ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ነው። ዓሣው ከጀልባ ይወርዳል፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ረጋ ብለው ይንጎራደዳሉ፣ ተራማጃችንም «አቃጥያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሾርባው ይመጣል። ቀጥሎ በዘይት የተጠበሰው፣ ከዳጣና ከዳቦ ጋር። «አንድ ድገሚኝ እስቲ፣ ዓሣ እንደሆነ አያወፍርም።» ዓሣውስ ምንም አልበደለም፤ ዘይቱና ዳቦው ናቸው ሳይጠሩ የሚገቡት። የጉልበት ነገር ሲነሳ ደግሞ ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ተጠንተው፣ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስለት ታውቋል። አምስት ኪሎ የጣለ በየእርምጃው ሃያ ኪሎ አወረደ ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ስለ ተረከዝና ስለ ጣት ሲከራከሩ የሚያረፍዱት ሰዎች ስለዚህ ሒሳብ አንድ ቀን እንኳ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም። ዳጣው እየቀረበ ማን ያነሳዋል?

ቅዳሜና እሑድ ታቦር ላይ የሚወጡት ወጣቶች ሌላ ጉድ ናቸው። ሲወጡ ያለከልካሉ፤ ሲወርዱ ግን ተንደርድረው ነው። ድካሙ መውጣቱ ላይ ቢሆንም ጉልበትን ይበልጥ የሚያስጨንቀው መውረዱ ነው፤ እርምጃን አሳጥሮ፣ ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ቀስ ማለት ነበር የሚበጀው። ይህን ለመቻል የጭን ጡንቻ መጠንከር አለበት፤ ጭን ደግሞ ከወንበር ላይ ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ በመነሳት ቤት ውስጥም ይጠነክራል። ግን ሳሎን ውስጥ ቱታውን ማን ያየዋል?

በሰርግ ቀን ሐይቁ ዳር ፎቶ ለመነሳት በታኮ ጫማ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄዱትን ሚዜዎች እንለፋቸው፤ አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ለሥራ ታኮ የሚያደርጉት ግን ይስሙ፦ ታኮ የጉልበትን ጫና ይጨምራል፤ «ይሄ እኮ ሰፊ ነው» የሚባለውም ቢሆን አያድንም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የአባቶቻችን ከዘራ ነው። ቀኝ ጉልበቱ የታመመ ሽማግሌ ከዘራውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ሰውነቱን በሙሉ በታመመው በኩል ጥሎ ሲሄድ አያለሁ። ያ ሁሉ መካሪ በአጠገቡ ያልፋል፤ «ደህና አደሩ አባባ» ብሎ። አባትዎ ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ዛሬውኑ ያስተካክሉላቸው፦ ከዘራ የሚያዘው ጤነኛው እግር ባለበት በኩል፣ ከታመመው በተቃራኒ እጅ ነው፤ የሚያርፈውም ከታመመው እግር ጋር እኩል ነው። ቁመቱ ደግሞ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸው ሲንጠለጠል መያዣው የእጅ አንጓቸው ላይ የሚደርስ ይሁን። ረዥም ከሆነ ከታች ይቆረጣል።