ወጥም ወግ ነበረው

ቦሌ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋይ የወረወረ ሰው ወይ ባንክ ይመታል ወይ ምግብ ቤት። ከኤድና ሞል እስከ ሩዋንዳ፣ ከአትላስ እስከ ወሎ ሰፈር የሚበላ ሞልቷል። ቱርኩ አለ፣ የመኑ አለ፣ ቻይናው አለ፤ ጣሊያኑማ ድሮም አለ። ይህን ሁሉ ይዘን አበላል ጠፋን። ዶሮ ወጥ አዝዞ በአቮካዶ ጁስ የሚያወራርድ ጎረምሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽሮ ላይ ካቻፕ የምትጨምር ልጅ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የደም ግፊት መድኃኒቴን ሳላዛንፍ ነው የምውጠው።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ አንተን ደግሞ የማያናድድህ ነገር የለም» ይለኛል። አንቱ ማለቱንማ ከተወ ቆየ። ሐሰት ነው፤ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወጥ ብቻውን አይኖርም። ከምን ጋር እንደሚቀርብ፣ በምን እንደሚወራረድ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጎርስ የታወቀ ነበር። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይስተውም ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም በሁሉም ይበላል፤ ከዚያ «ጨጓራዬን» እያለ ሐኪም ቤት ይሰለፋል።

ባለፈው አንዱ ቦሌ ያለ ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ስሙን አልናገርም፤ ብናገርም በፈረንጅ አፍ ስለሆነ አይያዝልኝም። «የኔ ልጅ፣ ሜኑ ስጪኝ» ስላት ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ ዥንጉርጉር ካሬ አሳየችኝና «በስልክዎ ያንሱት አባት» አለች። ምሳ ልበላ እንጂ ፎቶ ላነሳ አልመጣሁም። የልጅ ልጄ አነበበልኝ፦ ዶሮ ወጥ ላዛኛ፣ ክትፎ በርገር፣ ሽሮ በፓስታ። ንባቡን አስቁሜ «ዝም ብሎ ዶሮ ወጥ» አልኩ። መጣልኝ። ሰሀኑ የልብስ መዘፍዘፊያ ያህላል፤ ወጡ መሐሉ ላይ ጠብ ብሏል፤ እንቁላሉ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ለማን እንደቀረበ እስካሁን አላወቅኩም። አይብ ስጠይቅ ለብቻው ይከፈልበታል ተባልኩ። ጠጅ ስጠይቅ «እሱ የለንም አባት፣ ሞሂቶ ግን አለ፤ አልኮል የለውም» አለችኝ። ምንድን ነው ብላት ሎሚ፣ ስኳርና ናና ነው አለች። ይኼ እኮ ጉንፋን ለያዘው ሰው የሚፈላ ነው!

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከዶሮዋ ነው። ድሮ በዓል ሲመጣ ሾላ ገበያ ይወረዳል። ገዢ ዶሮዋን በክንፏ ብድግ አድርጎ ክብደቷን ይገምታል፤ ደረቷን በአውራ ጣቱ ጫን ይላል፤ ላባዋን እፍ ብሎ ቆዳዋን ያያል። ዋጋ ሲጠራለት «ለዚች?» ብሎ ጥሏት ይሄዳል፤ ነጋዴው ከኋላ ይጠራዋል፤ አልሰማም ይላል፤ ደግሞ ይጠራዋል። ያን ጊዜ ይመለሳል። አሁን የልጅ ልጄ ሱፐርማርኬት ገብቶ በላስቲክ የታሸገች፣ ራስም እግርም የሌላት፣ በረዶ የሆነች የፈረንጅ ዶሮ ይዞልኝ ይመጣል። የሀበሻ ዶሮ እሳት ላይ ቆይታ፣ ከወጡ ጋር ተግባብታ ነው የምትወጣው። ይህቺ ግን ገና መረቅ ሲነካት አጥንቷን ጥላ ትሄዳለች።

ደግሞ ብልቱስ? ዶሮ 12 ብልት አላት። ባለሙያ የሚያሰኘው እነዚያን 12 ብልቶች አጥንት ሳይሰብሩ ከየመገጣጠሚያው ማውጣት ነበር። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ አልነበረም። ሱፐርማርኬቱ በመጋዝ ስምንት ቦታ ከትፎ ሲሸጥልኝ ፈረሰኛዬ የት እንደገባ እንኳን እኔ፣ ዶሮዋ ራሷ ብትጠየቅ አታውቅም።

ወደ ድስቱ እንሂድ። የዶሮ ወጥ ምሥጢሩ ዶሮዋ ሳትሆን ቁሌቱ ነው። ለአንዲት ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አይበዛም። ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይማሰላል። በርበሬው ሲገባ ደግሞ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ይቁላላል። ከዚያ ንጥር ቅቤው። ከዚያ በሎሚና በጨው ውሃዋ ጥርት እስኪል የታጠበችው ዶሮ። ሊወጣ ሲል መከለሻ። ይህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የዛሬ ልጆች ሽንኩርቱን በብሌንደር ፈጭተው፣ በዘይት ጠብሰው፣ በቲማቲም ድልህ አቅልተው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ደርሷል፣ ኑ!» ይላሉ። ምን እንደደረሰ አይናገሩም።

እርግጥ የቤቱም ነገር አያመችም። እኔ ያለሁት ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌላው ሰፈር ሲስፋፋ፣ ለማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ ይሁን ተብሎ የጋራ ቤት አብሮ ይሠራ ነበር። ያሰበውን ሰው እግዜር ይባርከው። በኛ ግቢ ያለው የጋራ ቤት ዛሬ ፀጉር ቤት ሆኗል፤ በግ የሚያስታርድ አባወራ በአንድ በኩል፣ ፀጉሯን ካስክ ውስጥ የከተተች ሙሽራ በሌላ በኩል አይሆንማ። ስለዚህ ሽንኩርቱ ሳሎን ውስጥ ይቁላላል፤ መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ ሽንኩርቱ ቀዝቅዞ ተቆጥቷል።

አንድ ቀን ስለ ካቻፑ ስቆጣ የልጅ ልጄ «አባባ፣ በርበሬውም እኮ ከአሜሪካ ነው የመጣው» አለኝ። ፖርቱጋሎች ከባሕር ማዶ አምጥተው ዓለምን እንዳዳረሱት አነበበልኝ። መጣ፣ ማን ካደ? ግን ዝም ብሎ ማዕድ ላይ አልወጣም። ማረቆ አፈር ላይ በቀለ። ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ተቀነጠሰ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደለዘ፣ እንደገና ደረቀ፣ ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጋር ተፈጨ። ወግ ተምሮ ነው የቀረበው። ካቻፑም እንደሱ 400 ዓመት ደጅ ይጥና፤ ያኔ እንነጋገራለን።

እንግዳ ምግብ ሁሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም። ሕንድ ምግብ ቤትም ወስደውኛል። ሕንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ በጃንሆይ ጊዜ ከሕንድ፣ በተለይ ከኬረላ፣ ብዙ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር። እኔንም ሂሳብ ያስቆጠሩኝ ሕንዳዊ ናቸው። ወጣቸውን ካሪ ይሉታል። ሽንኩርቱ አለ፣ ዝንጅብሉ አለ፣ እርዱ አለ፤ ምስራቸውንማ ስቀምስ የኛን ምስር ወጥ ባሕር ማዶ ተድሮ ያገኘሁት መሰለኝ። የገረመኝ ግን ሥርዓቱ ነው። ለሚያቃጥለው ካሪ ኪያር የገባበት እርጎ መጣ። ወፈር ላለው የበግ ወጥ ከምድጃ የወጣ ናን መጣ፤ ለቀጠነው ሩዝ። ምላስ ለማራስ ላሲ የሚሉት የእርጎ መጠጥ፣ ለማሳረጊያ ቅመም የገባበት ሻይ በወተት። ከዴልሂ ቦሌ ድረስ ሲመጡ አንዱንም አላንጠባጠቡም። «እንጀራ የላችሁም?» ብዬ ስጠይቅ ብቻ የልጅ ልጄ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠኝ።

ቦሌ ሚካኤል ደግሞ ሶማሌዎቹ አሉ። ሩዝ በሥጋ አዘዝኩ፤ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ አብሮ መጣ። ሙዝ! ከሥጋ ጋር! ልነሳ ብድግ ስል ፊት ለፊቴ የተቀመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ አየሁ። ሙዙን እስከ ወገቡ ላጡ፤ ከሩዙና ከሥጋው ጋር ጎረስ አደረጉ፤ ቢስባስ የሚሉትን አረንጓዴ ዳጣ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፤ ደግመው ሙዙን። ሲያቃጥል ሙዙ ያበርዳል፤ ሲጣፍጥ ቢስባሱ ይመልሳል። አጠገባቸው ያለው የአሥር ዓመት ልጅም ልክ እንደሳቸው ይበላል። ሲጨርሱ ቅመም ያለው ሻይ መጣ። ቁጭ አልኩና በላሁ። የኛ አይብና ዶሮ ወጥ የሚነጋገሩት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሕንዱም ሶማሌውም ወጉን ከነሻንጣው ይዞ ቦሌ ይገባል፤ ባለቤቱ ነን የምንል እኛ ግን እዚያው ሰፈራችን ላይ ጣልነው። የኛንስ ወግ የሚይዘው ከቦሌ የሚወጣው ሰው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ልጅ ስትሸኙ ሻንጣው ሲመዘን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሚዛኑን ያስረገጠው ልብስ ሳይሆን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና መከለሻ ነው። ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ በ1998 ዓ.ም. ቢከለከልም፣ እንጀራው ግን ተጋግሮ፣ ተሳፍሮ ዋሽንግተን ይገባል። እዚያ ያሉት ልጆች በናፍቆት ይበሉታል፤ እዚህ ያሉት ስልካቸውን እያዩ።

ወጉ ምንድን ነው ለምትሉ ልንገራችሁ፤ ነገ ሳልሞት ይመዝገብ። ዶሮ ወጥ ከአይብ ጋር ነው፤ እንጀራው ማኛ፣ እንቁላሉ ሙሉ፣ መጠጡ ጠጅ። ፋሲካ ከሆነ 55 ቀን የጾመ አንጀት ቅቤ ሳይወርድበት በፊት ተልባ ይቀድማል። ምንቸት አብሽ ለስላሳ ስለሆነ ጠላ ይስማማዋል። ክትፎ ከቆጮ፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር ነው፤ ዳቦ ውስጥ የገባ ክትፎ እስር ቤት የገባ ነው። ቁርጥ ለበላ አምቦ ውሃ። ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ ይቅረብ፤ ከጎኑ ቃሪያ ስንግ፣ ከሥሩ ቀይ ጤፍ፤ ጾም ነውና ውሃ ይበቃዋል፣ ጠላም አይከለከልም። አሊጫ ለልጅ፣ ለታመመና ለኔ ቢጤ ነው። ቢራ? አልጠላውም። ጊዮርጊስ ቢራ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን ኖሯል፤ ቦታው ግን ጥብስ አጠገብ ነው። በመጨረሻ ቡና፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማኪያቶ የጠዋት ነው፤ ከዶሮ ወጥ በላይ ወተት የሚያፈስ ሰው የራሱ ጠላት ነው።

ጠጁም ቢሆን እንደ ስሙ አልሆነም። የማር ዋጋ ሰማይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ስኳር ከጌሾ ጋር ተጥሎ፣ ቀለም ተሰጥቶት በብርሌ ይቀርባል። እውነተኛ ጠጅ ጉልበት ይይዛል፣ ይህ ግን ጠዋት ራስ ይይዛል። የማር ጠጅ ከጠፋ ብርዝ ጠጡ፤ ብርዝም ከጠፋ ንጹሕ ውሃ ከሐሰተኛ ጠጅ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ባነብላት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ «የወጥ ወግ አዋቂው፣ በዘመንህ ስንት ሽንኩርት ልጠሃል?» አለችኝ። ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ስለሆነ አልፌዋለሁ። የልጅ ልጄ ግን ከት ብሎ ሳቀና ቢላዋ አንስቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጥሩ አድርጎ አይከትፍም። ቢሆንም ከትፏል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሁሉንም አልልም። የምትሠሩት ከጠዋት እስከ ማታ እንደሆነ፣ መብራቱም ታክሲውም እንደማያስመች አውቃለሁ። ዶሮዋን ከሱፐርማርኬት ግዙ፣ በሞተር ብታስመጡም ዝም እላለሁ። በዓመት ጥቂት በዓላት ናቸው ያሉት፤ በነዚያ ቀናት ሽንኩርቱን አታጣድፉት፣ ሥራውን በእናቶቻችሁ ላይ ብቻ አትጣሉት፣ ወጡን ያለ አይብ አታቅርቡት፣ ስልኩን አስቀምጡና ተጎራረሱ። ጁሱንም ጠጡት፤ እጅ ከታጠባችሁ በኋላ፣ ለብቻው። ፈረሰኛው ግን ዛሬም የአባወራው ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።