አምፖሉን ያጠፋ ይጸድቃል

እዚህ አቃቂ ቃሊቲ፣ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ፣ የመብራት ቁጠባ እንደ ጾም የጠበቀ ሕግ አለው። ሲመሽ አከራያችን እትዬ በረንዳው ላይ ብቅ ይላሉ። «ማነው አምፖል አብርቶ የወጣው? ከፋይዋ እኔ፣ አንዳጁ ሌላ!» ስድስቱም በር ጭጭ። ጥፋተኛው አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ነው፤ ይጠፋል፣ ግቢው ይጨልማል፣ ኅሊናም ያርፋል።

በዚሁ ሰዓት ጓዳ ውስጥ ምጣዱ ከተሰካ ቆይቷል። ሊጡ ገና ኩፍ አላለም፤ ምጣዱ ግን «ይጋል» ተብሎ ብቻውን ይግላል። እትዬም ጎረቤት ዘንድ ቡና ከተጠሩ በረካውን ሳይጠጡ አይነሡም። ተራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እርሱ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ለመብላት ያ የተሰደበው አምፖል 16 ቀን ሌት ተቀን መብራት ይኖርበታል። ባለ 5 ዋት የስልክ ቻርጀር ደግሞ 700 ሰዓት፣ ማለትም ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። እንግዲህ ቻርጀሩን ሰክቶ ያደረ ተከራይ ምን ዓይነት ጨካኝ እንደሆነ አስቡት! የምጣዱን ነገር ግን ማንም አያነሣም። እንጀራ ነዋ፤ በእንጀራ ላይ ሒሳብ አይሠራም።

የቁጠባችን ከፍታ በደንብ የሚታየው ሶኬቱ ላይ ነው። የምጣዱ ስፒና ቀልጦ ከወደቀ ሰነባብቷል፤ ሌላ መግዛት ብክነት ነው። ስለዚህ የቤቱ ባለሙያ (በየቤቱ አንድ አይጠፋም) ገመዱን ቆርጦ፣ ጫፎቹን በጥርሱ ልጦ፣ መዳቡን በጣቱ ጠምዝዞ ሁለቱ ቀዳዳ ውስጥ ይከታቸዋል። ላላ? የክብሪት እንጨት አለለት። አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ ወትፎ ያጠብቀዋል። እሳት ሊጫርበት የተሠራ እንጨት፣ እሳት እንዳይነሣ ዘብ ሆኖ ተቀጠረ፤ እንዲህ ያለ የሥራ ዕድል ፈጠራ የት ይገኛል? ባለሙያው ቀን ቀን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እዚያ ጓንት ሳያጠልቅ ፓነል አይከፍትም፤ «አደጋ» የሚል ጽሑፍ ካየ ዞሮ ይሄዳል። ቤቱ ሲገባ 220 ቮልቱ ዘመዱ ይሆናል።

ብዙ ሳይቆይ ሶኬቱ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ጓዳውን ይሞላል። ምርመራው አጭር ነው፤ «የቻይና ዕቃ!» የምጣዱ 16 አምፔር በላላ መጋጠሚያ ሲያልፍ ብረቱ እንደሚግል፣ ሲግል ይበልጥ እንደሚላላ፣ ሲላላም ይበልጥ እንደሚግል የሚያስረዳ ቢገኝ «አንተ ደግሞ መሐንዲስ ሆንክብን» ይባላል። ዲቫይደሩም እንዲሁ ያለ ኃጢአቱ ይወቀሳል። ጀርባው ላይ 10 አምፔር ተጽፎበታል፤ 2,200 ዋት መሆኑ ነው። ግን ጀርባውን ማን ያነባል? ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና ካውያው ተሰክተው ቦታ ሲጠብ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ይሰካል።

አንድ ተቆርቋሪ ብቻ ነበረን፤ ብሬከሩ። ምጣዱና ምድጃው አብረው በተሰኩ ቁጥር ይጥላል። እንግዲህ ይህ ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ነው! ጎበዝ ተጠርቶ ባለ 16ቱ ወጣ፣ ባለ 40 ገባ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጥሎ አያውቅም፤ ግቢው ሰላም ሆነ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 40 አምፔር አይችልም። ግን እርሱ እንደ ብሬከሩ አመለኛ አይደለም፤ ዝም ብሎ ይግላል። ዝምታውን እኛ ጤና እንለዋለን።

የማብሪያ ማጥፊያውን ነገር ልተወው ብዬ ነበር። አጥፍታችሁት ሌሊት ጭል ጭል የሚል ኤልኢዲ አምፖል ካላችሁ፣ ጠበል ከመርጨታችሁ በፊት ማጥፊያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን እየቆረጠ እንዳይሆን አስመርምሩ። እንደዚያ ከሆነ አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ላይ ኮረንቲ አለ። ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል የሚቀይር ሰው ይህን የሚማረው ከወንበሩ ሲወርድ ነው፤ አወራረዱን ግን ራሱ አይመርጥም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በአባ ሳሙኤል ግድብ ጎረቤት ነው። አገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱን ያገኘችው እዚሁ አቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ ጣሊያኖች የሠሩት፣ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ቆይቶ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ የጀመረ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ሲሰሙት ግዙፍ ይመስላል፤ በምጣድ ሲመነዘር 1,900 ምጣድ አይሞላም። እኛ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «መጣ!» ብለን በአንድ አፍ እንጮኻለን፣ ምጣዱን ሁሉ በአንድ ደቂቃ እንሰካለን። ትራንስፎርመሩ ሲፈነዳ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል፤ መብራት ኃይል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይኑረው እንጂ፣ እኛ ጓዳ ሲደርስ በሁለት የክብሪት እንጨት መሐል ማለፉ አይቀርለትም።

ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የመጣ፣ ሽቦው የወፈረ፣ ብሬከሩም ለሽቦው የተመጠነ። ዲቫይደር ላይ አይሰካም። ወጪ ነው ካላችሁ፣ ሌላው ቢቀር ዛሬ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ነቅላችሁ ስፒናውን ዳብሱት። ስፒና ካላችሁ ማለቴ ነው። ካቃጠላችሁ ምጣዱን መልሳችሁ አትሰኩት፤ ነገ ጠዋት ኤሌክትሪሻን ጥሩ፣ ሽቦ በጥርሱ የማይልጠውን።