የጋሽ ግራ ገባው የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ግራ ገባው ከአባታቸው ከአቶ ሬዲዮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቀጥታ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት አልገቡም። ሟች አንድ ሰው አይደሉም፤ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው እንግዳ ማን እንደሆነ በቅጡ ሳያጣሩ የሚጠይቁ የቶክ ሾው አቅራቢዎች ሁሉ እሳቸው ናቸው። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም የተባለው ለእሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ልጅነታቸውን ያሳለፉት አሜሪካዊው አቅራቢ ስቲቭ አለን ዘንድ ነው። አለን በ1956 ኤልቪስ ፕሪስሊን ጋብዞ ሙሉ ልብስ ካስለበሰው በኋላ ዘፈኑን ለአንድ ጆሮ ረጅም ውሻ እንዲዘፍን አደረገው። በ1963 ደግሞ ፍራንክ ዛፓ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ብስክሌት ይዞለት መጣ፤ ልጁ የጎማውን ሽቦ በኮንትራባስ መምቻ እየፈተገ ሙዚቃ ነው ይላል። አለን ከት ብሎ ሳቀ። የሳቀበት ልጅ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ስም ሆነ።

ጎልማሳነታቸው ግን ለንደን ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1976 አመሻሽ ላይ፣ ቤተሰብ ሳሎን በሚሰባሰብበት ሰዓት፣ የቴምዝ ቴሌቪዥን «ቱዴይ» ፕሮግራም እንግዶች መሆን የነበረባቸው ኩዊን የተባሉት የሮክ ባንድ አባላት ነበሩ። ቀሩ። በምትካቸው ገና አንድ ሸክላ ብቻ ያወጡት የፓንክ ባንዱ ሴክስ ፒስትልስ መጡ። አቅራቢው ቢል ግራንዲ ስለ ሙዚቃቸው አንድም የረባ ነገር አልጠየቀም። ከሸክላ ኩባንያው 40,000 ፓውንድ ተቀብላችኋል አሉ፣ ታዲያ ይህ ገንዘብን ከምትንቁበት አቋም ጋር አይጋጭም ወይ ሲል ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ የባንዱ ዘፋኝ ጆኒ ሮተን አንድ ነውር ቃል ከአፉ አመለጠው። ልጁ ራሱ እንዳጠፋ ተማሪ ድምፁን ቀንሶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ ቢል ትልቁ ሰው አላልፍ አለ፤ ቃሏን ድገማት ብሎ ድርቅ። ይህ አልበቃ ብሎት ከባንዱ ጋር መጥታ ከኋላ የቆመችውን ሲዩክሲ ሱን ከፕሮግራሙ በኋላ እንገናኝ ዓይነት ነገር ጣል አደረገባት። ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ጆንስ በዚህ ሲቆጣ፣ ግራንዲ ጥቂት ሰከንድ ይቀራችኋል፣ በሉ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ተናገሩ ብሎ ጋበዘ። ጆንስም ግብዣውን አላሳፈረም።

ጉዱን በቀጥታ ያየው የለንደን አካባቢ ተመልካች ብቻ ነበር። በማግስቱ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ በፊት ገጹ ለመላው እንግሊዝ አዳረሰው። ግራንዲ ለሁለት ሳምንት ከሥራ ታገደ፣ የባንዱ ኮንሰርቶችም በየከተማው ተሰረዙ። ሆኖም ማንም የማስታወቂያ ባለሙያ በገንዘብ ሊያመጣላቸው የማይችለውን ስም እኚህ ምንም ያልገባቸው ሰውዬ በነጻ ሰጧቸው።

በዚያው ዓመት ሌላው እንግሊዛዊ አቅራቢ ማይክል ፓርኪንሰን በአንድ የአሻንጉሊት ወፍ ተደብድቦ ከወንበሩ ወደቀ።

ሟች ጫማ ላይም ይመራመሩ ነበር። እንግሊዛዊው አቅራቢ ራስል ሃርቲ በ1973 ዘፋኙን ዴቪድ ቦዊን ሲያገኝ ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ የተጫማው ጫማ የወንድ ነው ወይስ የሴት የሚለው ነበር። የሃርቲ ትልቁ ቀን ግን በ1980 መጣ። ዘፋኟ ግሬስ ጆንስ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ሌሎቹ እንግዶች አዙሮ ጀርባውን ሰጥቷታል። አንድ ጊዜ አስጠነቀቀችው። ደግሞ ዞረ። ከዚያ በኋላ በጥፊም በቡጢም ትከሻውን ትወቅጠው ጀመር፤ እሱም እጁን አንስቶ እየተከላከለ ፈገግታውን አልጣለም። የሟች ጨዋነት እስከዚህ ድረስ ነበር።

ለቀስተኛ ፊት የሟች ነውር አይነሳም እንጂ፣ የ1975ቱ አይዘለልም። ፓርኪንሰን ሄለን ሚረንን ሰውነቷ «ቁምነገረኛ ተዋናይት» ከመሆን አያግዳትም ወይ በሚል ዙሪያውን በሚዞር ጥያቄ ያዛት። እሷም ምን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ እንዲናገር አፋጠጠችው፤ ቁምነገረኛ ተዋናይት ትልቅ ጡት ሊኖራት አይችልም ማለትህ ነው ወይ ብላ ቃሉን ራሷ አወጣችለት። ጥያቄው አሳፋሪ ነው። ግን ስለ ሼክስፒር ደህና ጥያቄ ጠይቋት ቢሆን ያን ምሽት ማን ያስታውሰው ነበር?

ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ የሟች ደግነት ታይቷል። በ1986 ዘፋኙ ሰርዥ ጌንዝቡር የ22 ዓመቷን ድምፃዊት ዊትኒ ሂውስተንን ሞቅ ብሎት በእንግሊዝኛ የማይባል ነገር ሲላት፣ አቅራቢው ሚሼል ድሩኬር መሃል ገብቶ በጣም ጎበዝ ነሽ ነው ያለሽ ብሎ ሊተረጉም ሞከረ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ መሆኑን በድንጋጤ ዘንግቶት መሆን አለበት።

ሟችን ለሞት ያበቃቸው በሽታ ቅድመ ቃለ መጠይቅ ይባላል። አንድ ፕሮዲውሰር ቀደም ብሎ ለእንግዳዋ ይደውላል፤ የሚያስቁትን ወጎቿን መርጦ ካርድ ላይ ይጽፋል። ማታ አቅራቢው «ለዕረፍት ሄደሽ አንድ ነገር ገጥሞሽ ነበር አሉ» ሲል ምን እንደገጠማት ያውቃል፤ መቼ እንደሚስቅም ያውቃል። የማይጠየቀውን ደግሞ ወኪሏ ቀድማ ዘርዝራለች። በሽታው ሳይጠናባቸው፣ በ2003 ፓርኪንሰን ተዋናይት ሜግ ራያንን እኔን ብትሆኚ አሁን ምን ታደርጊ ነበር ብሎ ሲጠይቃት፣ እቋጨው ነበር አለችው። የመጨረሻዎቹ ጤነኛ ቀኖቻቸው እነዚያ ነበሩ።

ወራሾች ሬሳው እስኪቀበር እንኳ አልጠበቁም። ኮሜዲያኑ ስቲቭ ኩጋን በ1994 አለን ፓርትሪጅ የተባለ ቀሽም አቅራቢ ሆኖ ቢቢሲ ላይ ሲተውን፣ ሃፍረቱ ተጽፎ ተጠንቶ ይቀርብ ጀመር። ከ2008 ጀምሮ ኮሜዲያኑ ዛክ ጋሊፊያናኪስ በሁለት የፈርን ተክሎች መሃል ተቀምጦ እንግዶቹን በስምምነት ይሰድብ ነበር። በ2014 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሳይቀሩ ተሰድበዋል፤ የቀረቡትም የጤና መድን ድረ ገጻቸውን ለማስተዋወቅ ነበር። ጋሽ ግራ ገባው በሕይወት ቢኖሩ፣ ድረ ገጽ ምንድን ነው ብለው ከልባቸው ይጠይቋቸው ነበር።